የአበባ ቀሚስ ለባሿ፦ ሬይና በወሎ ጆሮ ስትሰማ

ሆንግ ኮንግ ውስጥ በጎዳና ላይ ትርኢት እያሳየ የሚኖር አንድ ወጣት አለ። በመዳፉ እሳት ማንደድ ይችላል። እሳቱም የእጅ ቅልጥፍና የወለደው ማታለያ አይደለም፤ እውነተኛ ነው። ሺልድ የተባለው የስለላ ድርጅት ግን ይህን ችሎታውን ደብቆ እንደ ማንም ሰው እንዲኖር አስጠንቅቆታል። አንድ ምሽት የአበባ ጥለት ያለበት ቀሚስ የለበሰች ሴት ትቀርበዋለች። አታስፈራራውም፣ መሣሪያም አልያዘችም። ዓይን ዓይኑን እያየች ሊሰማው ይመኝ የነበረውን ብቻ ትነግረዋለች፦ አንተ ተራ ሰው አይደለህም። ልጁ ተከትሏት ይሄዳል፤ በደሙ ውስጥ ያለውን ኃይል ከቀዱለት በኋላም መጨረሻው ሞት ይሆናል። እሷ የምትፈልገውን ይዛ፣ የሥራ ባልደረባዋን እዚያው ለጥፋት ትታ ትወጣለች።

ሬይና ወደ ማርቭሉ ተከታታይ ድራማ ወደ «ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ» የገባችው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2013 በኤቢሲ ቴሌቪዥን በተላለፈው አምስተኛ ክፍል በዚህ መንገድ ነው። የክፍሉም ርእስ እሷኑ በቀሚሷ የሚጠራ ነበር። የማርቭል ኮሚክ አንባቢዎች የአንድን ገጸ ባሕርይ ስም እንደሰሙ የድሮ እትሞችን አገላብጠው ማንነቱን ቀድመው ማወቅ ለምደዋል። ሬይና ግን ለዚሁ ድራማ ተብላ የተፈጠረች ናት። የኋላ ታሪኳን ቀድሞ የሚያውቅ ተመልካች ስላልነበረ ምስጢሯ ለሁሉም እኩል ምስጢር ነበር። ሚናውን የያዘችው ተዋናይት ደግሞ በአዲስ አበባ ከኢትዮጵያዊ ሐኪም አባትና ከአየርላንዳዊት ነርስ እናት ተወልዳ በአየርላንድ ያደገችው ሩት ነጋ ናት።

በዚህ ዳሰሳ ሬይናን የማነባት ከውጫሌ ሆኜ፣ የወሎን የንግርት ባህል መነጽር አድርጌ ነው። ይህን ያልኩት ለአገር ልጅ አድልቼ አይደለም። የሬይና ታሪክ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ስለ ነቢይና ስለ ትንቢት የሚተርክ ሆኖ ሳለ፣ ድራማው ራሱ የያዘውን ነገር ክብደት ሙሉ በሙሉ የተረዳ አይመስለኝም። ትንቢት ለዕለት ኑሮው ቅርብ በሆነበት አገር የኖረ ተመልካች ግን ይህን ሳያስተውል አያልፍም።

አስቀድሞ ስለ ምስጢራዊ ገጸ ባሕርይ አጠቃላይ ጠባይ ጥቂት ልበል። በሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ከየት መጣ የማይባል እንግዳ ሰው ማስገባት የቆየ የልብ ሰቀላ ስልት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010 የታየው «ሎስት» በጥያቄ ላይ ጥያቄ እየደረደረ ስድስት ምዕራፍ ተጉዟል። የብሪታንያው «ዶክተር ሁ» እ.ኤ.አ. በ2008 ሪቨር ሶንግ የምትባል ሴት አምጥቶ ማንነቷን የገለጠው በ2011 ነው። እንዲህ ያለው ገጸ ባሕርይ ብዙውን ጊዜ አንድ አደጋ አለበት፦ ጥያቄው ሲመለስ እሱም አብሮ ያልቃል። ተመልካቹ ሲከተል የኖረው ሰውየውን ሳይሆን መልሱን ነበርና።

ሬይና ከዚህ አደጋ የዳነችው ጥያቄው ከውጭ ወደ ውስጥ ስለተሻገረ ነው። መጀመሪያ ላይ የምንጠይቀው የማን መልእክተኛ እንደሆነች ነው። እሷ የምታገለግለው ክሌርቮያንት የሚሉትን፣ ሁሉን ያያል የሚባለውን፣ ማንም በዓይኑ ያላየውን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 በተላለፈው ክፍል የሺልድ ቡድን መሪው ፊል ኮልሰን ተይዞ ከሞት እንዴት እንደተመለሰ ሲመረመር፣ ድብደባ ያልፈታውን ሰው በለሰለሰ አንደበት ወደ ትዝታው የምትመራው ሬይና ናት። ክሌርቮያንት በስልክ ሲያነጋግራት ፊቷ ላይ የሚነበበው የምእመን ደስታ ነው። ሩት ነጋ እዚህ ላይ የወሰደችው የትወና ውሳኔ ገጸ ባሕርይዋን ከተራ ሸረኛነት አውጥቷታል። ሬይና ሰውን የምታሳምነው ራሷም ስላመነች ነው። የምታታልልበት ቃልና የምትጸልይበት ቃል አንድ ነው።

እምነቷ የፈረሰው ዘግይቶ ነው። ክሌርቮያንት ጆን ጋሬት የተባለ የሺልድ ባልደረባ ሆኖ ይገኛል። አንዳች ራእይ የለውም። ያውቅ የነበረው ሥልጣኑ የፈቀደለትን የምስጢር መዝገብ ስላነበበ ብቻ ነው። ሬይና ይህን ስትረዳ የምታሳየው ቁጣ አይደለም፤ ቅስሟ ሲሰበር ነው የምናየው። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ምዕራፍ እጅግ ጠንካራው ሐሳብ እዚህ ላይ አለ፦ የስለላ ድርጅት በሰበሰበው መረጃ ብዛት ነቢይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሰዎች በገዛ መዝገባቸው እየተነበቡ የሚያነባቸውን ኃይል ሰማያዊ ነው ብለው ይፈራሉ። ድራማው ግን ይህን ሐሳብ ብልጭ አድርጎ ወደ ተኩሱ ተመለሰ፤ ያሳዝናል።

ሬይና ከዚህ ሁሉ በፊት የያዘችው ሌላ እምነት ነበራት፤ ምንጩም አያቷ ናት። ከሰማይ የወደቁ ሰማያዊ ቀለም ያላቸው መላእክት ለተመረጡ ሰዎች ስጦታ ይዘው እንደመጡ አያቷ በልጅነቷ ነግራታለች። ይህን ወሬ በሁለተኛው ምዕራፍ ለስካይ፣ ለወጣቷ የሺልድ ባልደረባ፣ መልሳ ስትነግራት የኢትዮጵያ አንባቢ በቀጥታ የሚሄደው ወደ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። በግእዝ ሙሉውን ጠብቀን ያቆየነው ይህ መጽሐፍ 200 መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ላይ ወርደው ከሰው ልጆች ጋር እንደተቀላቀሉና የተሰወረ ጥበብ እንዳስተማሯቸው ይተርካል። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ ሪቻርድ ሎረንስም እ.ኤ.አ. በ1821 በእንግሊዝኛ አሳተመው። የድራማው ደራሲዎች ሄኖክን አንብበው ይሁን አይሁን ለክርክሬ አያስፈልገኝም። የሚያስፈልገኝ የሐሳቡ ተመሳሳይነት ነው፦ ከላይ የመጣ ስጦታ ተቀባዩን ከፍ ያደርጋል፤ ደግሞም ያበላሻል። በሄኖክ ውስጥ ያ ዕውቀት ምድርን በደም ሞላት። በሬይናም ላይ የደረሰው ከዚህ የራቀ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 2014 በተላለፈው ክፍል ሬይናና ስካይ ከምድር በታች ባለች ጥንታዊ ከተማ ውስጥ በአንድ ጉም ተሸፍነው ይለወጣሉ። ስካይ መልኳ ሳይነካ ምድርን የማናወጥ ኃይል ተቀብላ ትወጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ ይህችን ሰዓት ስትጠብቅ የኖረችው ሬይና ግን ሰውነቷ በሙሉ እሾህ አብቅሎ ትነሣለች። ስጦታውን ሳትመኘው ያገኘችው አማረባት፣ የተመኘችው ተቀጣችበት። ይህን ፍርድ ድራማው ሲያስተላልፍ ጥቂት እንኳ ማመንታት ይገባው ነበር እላለሁ። መልክን ማበላሸት የሴት ገጸ ባሕርይ ቅጣት አድርጎ መጠቀም ያረጀ ልማድ ነው፤ አዲስ ነገር ልንገራችሁ ብሎ የመጣ ሥራ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነበር። ሩት ነጋ ፊቷ በሙሉ ተሸፍኖ በዓይኗና በድምጿ ብቻ መጫወቷ ጉዳቱን ወደ ትርፍ ለውጦታል። ከእሾሁ ስር የምናውቀው ያ ለስላሳ አንደበት አለ፤ አሁን ግን የሚያባብለው ሰው የለውም።

ራሷን ለማጥፋት ስትቃረብ ጎርደን የተባለ ዓይን የሌለው ሰው መጥቶ ይወስዳታል፤ እንደሷ ከተለወጡ ሰዎች መጠለያም ያደርሳታል። እዚያ ትንቢት ይጀምራታል። ሕልም የመሰላት ነገር ሆኖ ይገኛል፦ ስካይ ከወላጆቿ ጋር ማዕድ ስትቀርብ፣ አባቷም አበባ ይዞ ሲመጣ ሬይና አስቀድማ አይታዋለች። በሐሰተኛ ነቢይ ያዘነችው ሴት ራሷ እውነተኛ ነቢይት ሆነች። በእኛ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ንግር የምንለው፣ ኋላ የሚሆነውን ነገር ቀድሞ ጠቆም የማድረግ ስልት፣ እዚህ ላይ ከደራሲው እጅ ወጥቶ በገጸ ባሕርይዋ አፍ ገብቷል።

አሁን ወደ ወሎ ልምጣ። ውጫሌ በታሪክ መጽሐፍ የምትነሣው በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነው፤ በውሉ ምክንያት የአካባቢው ሌላ ሀብት ይረሳል። ከደቡቧ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የመጻሕፍትና የትምህርት ማዕከል ሆኖ ኖሯል፤ አምባሰል ስሙን ከአራቱ ቅኝቶች ለአንዱ ሰጥቷል፤ በወሎ ምድር ሁሉ ደግሞ የሼህ ሁሴን ጅብሪል ንግርት ክርስቲያኑም እስላሙም የሚጠቅሰው የጋራ ሀብት ነው። ሼህ ሁሴን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ ባለ ግጥም ናቸው። ስለ ነገሥታት መነሣትና መውደቅ፣ ስለሚመጣው ዘመን ጠባይ ተናገሩ የተባሉት ግጥሞች ከአፍ ወደ አፍ ሲወርዱ ኖረው በመጽሐፍም ተሰብስበው ታትመዋል። አንዳንዱ ግጥም ነገሩ ከሆነ በኋላ ተጨምሮ በስማቸው የተነገረ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር የአጥኚ ግዴታ ነው። ጥርጣሬው ግን የባህሉን አሠራር አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ይገልጠዋል። ንግርቱን የሚያጸናው ሰሚው ነው። አንድ ታላቅ ነገር ሲደርስ ሽማግሌው ከዚያ ሁሉ ግጥም መካከል የሚስማማውን አንሥቶ «ሼሁ ተናግረውት ነበር» ይላል፤ ሌላው ያስተካክለዋል፣ ሦስተኛው ይከራከረዋል። ትንቢት በወሎ የሰሚዎች ሥራም ነው።

ሬይናን በዚህ ሚዛን ስናያት የጎደላት ኃይል ሳይሆን ሰሚ እንደነበር ይገለጣል። ያየችውን የምትነግራቸው ሰዎች ወይ ይፈሯታል፣ ወይ ለራሳቸው ጥቅም ሊይዟት ይሻሉ፣ ወይ ቀድሞ በፈጸመችው ሸር ምክንያት አያምኗትም። የመጨረሻው ምክንያት አግባብ አለው፤ ሬይና ንጹሕ ሰው አይደለችም፣ ያ የሆንግ ኮንግ ልጅ ደሙ በእጇ ላይ ነው። ድራማው ታማኝነቷን በገዛ ሥራዋ ያጣች ሴት እውነት ስትናገር ምን ይሆናል ብሎ መጠየቁ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያላደረገው ቃሏን የሚቀበል፣ የሚመረምር፣ የሚከራከርበት አንድ እንኳ ሸንጎ መፍጠር ነው። መጠለያው የራሱ መሪዎች ያሉት ሙሉ ማኅበረሰብ ሆኖ ሳለ ራእይዋ በጓዳ የሚንሾካሾኩበት ነገር ሆኖ ቀረ።

ከዚህ የከፋው ደግሞ የሚቀጥለው ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 መጨረሻ በተላለፈ ክፍል ሬይና ከብረት የተሠሩ ሰዎች ከተሞችን ሲያፈራርሱ ታያለች። ይህ ራእይ የሚያመለክተው በዚያው ሳምንት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረውን የማርቭል ፊልም፣ «አቬንጀርስ፦ ኤጅ ኦፍ አልትሮን»ን ነው። ነቢይቱ ለአንድ አፍታ የፊልም ማስታወቂያ አንባቢ ሆነች። አንድ ኩባንያ ድራማውንም ፊልሙንም ሲይዝ ሁለቱን ማያያዙ የተለመደ የንግድ ስልት ነው፤ ግን አንዲት ሴት በአካሏና በመልኳ የከፈለችበትን ራእይ ለትኬት ሽያጭ ማዋል ገጸ ባሕርይዋን መናቅ ነው። ይህን ስል አንቱ የተባለ ሥራ ላይ የማይገባ ሸክም መጫኔ አይመስለኝም፤ ድራማው ራሱ ያነሣውን የሐሰተኛ ነቢይ ጥያቄ ረስቶ ከጋሬት ወገን የቆመባት ቅጽበት ይህች ናት።

ሆኖም አሟሟቷ ከዚህ በላይ ነው፤ የተፈጠረችበትን ምክንያት ያጸደቀውም እሱ ይመስለኛል። የመጠለያው መሪ ጂያይንግ፣ የስካይ እናት፣ በሰላም ስም ጦርነት እያዘጋጀች መሆኑን ሬይና ታያለች። ለመሪነት የተመረጥኩት እኔ ነኝ ብላ ስታምን ኖራለች፤ አሁን ግን መሪዋ ስካይ እንደሆነች፣ የራሷም ድርሻ እናቲቱን በልጅቷ ፊት መግለጥ እንደሆነ ትረዳለች። ጂያይንግ እንደምትገድላት እያወቀች ትጋፈጣታለች፤ ትገደላለች፤ ስካይም ታያለች። ቃሏን የሚሰማ ያጣች ነቢይት ሞቷን ምስክር አድርጋ አቆመች። ከአንድ ምዕራፍ ተኩል በፊት ሰውን በውዳሴ ወደ ሞት የመራች ሴት አሁን በራሷ ሞት ሌላዋን ከስሕተት መለሰች፤ ይህ ለውጥ የመጣው ደራሲዎቹ በድንገት ስላራሩላት ሳይሆን ከመጀመሪያው የነበራት የማመን ርኃብ ተገቢውን ነገር ስላገኘ ነው።

በአገራችን ማያ ገጽ እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ለማግኘት ገና ነን። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሚጌል ያንሶ «ክረምብስ» ዳንኤል ታደሰንና ሰላም ተስፋዬን ይዞ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸ፣ በሰማይ ላይ ተንጠልጥላ የቀረች መንኮራኩር ያለችበት ፊልም ነው። የተከታታይ ድራማ ደራሲዎቻችን ግን ከቤተሰብ ምስጢርና ከፍቅር ሴራ ብዙም አልራቁም። ሄኖክና የሼህ ሁሴን ንግርት በእጃችን እያሉ ይህ መስክ ባዶ መቅረቱ ያስቆጨኛል።

ሩት ነጋ ከሬይና በኋላ «ላቪንግ» በተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2017 ለኦስካር ታጭታለች። ወደ ሳይንስ ልቦለድ የተመለሰችው በ2019 በ«አድ አስትራ» ነው። እዚያም ማርስ ላይ ተወልዳ ያደገችውን ሄለን ላንቶስን ሆና ለዋናው ገጸ ባሕርይ ስለ አባቱ የተደበቀበትን እውነት ታሳየዋለች፤ መንገዱን ትከፍትለታለች፤ እሱ ይሄዳል፣ እሷ ማርስ ላይ ትቀራለች። በሁለቱም ሥራዎች ምስጢሩን የምታውቀው እሷ ሆና ጉዞው የሌላ ሰው ነው። ሬይና ያየችውን ሁሉ ስካይ ወረሰችው፤ ድራማውም ስካይን ይዞ እስከ ሰባተኛው ምዕራፍ፣ እስከ 2020 ድረስ ዘለቀ። አያቷ የነገረቻት ያ የመላእክት ታሪክ ከየት አገር፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገራት ግን ድራማው አንድም ጊዜ ሳይጠይቅ አለፈ።