ስም የሌላት ወረቀት

ስለ ግቢ ጉባኤ፣ ስለ ኦርቶዶክሳውያን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መንፈሳዊ ጉባኤ፣ ሲነሳ ብዙው ሰው መዝሙሩን ያወድሳል። እኔ የምወደው ብጣሽ ወረቀቷን ነው። ከቀየትም ይምጣ ከወለጋ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢውን የደረበ ተማሪ «ጸሎቴ ለምን አይሰማም?» ብሎ ይጽፍና አጣጥፎ ወደ ፊት ያሳልፋታል። ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ባለቤቷ ይጠፋል፤ ጽሕፈቱን የሚለይ ጓደኛ ካልገጠመው በቀር። አፍ አውጥቶ ቢጠይቅ «መናፍቅ ነው እንዴ?» መባልን ይፈራ ነበር።

ግቢ ጉባኤያትን የሚያስተባብረው፣ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን መነሻው ብላቴ ማሠልጠኛ የተሰባሰቡ ተማሪዎች ናቸውና፣ ጥያቄ ለዚህ ቤት እንግዳ አይደለም። አንድን ቃል «አንድም» እያለ የሚያፍታታው የትርጓሜ ትምህርትም ለጠያቂ ሰፊ በር አለው። ጎበዝ መምህር ወረቀቷን ሳያለዝብ ጮክ ብሎ ያነባል። መልሱን ካላወቀም «ሊቃውንቱን ጠይቄ እመጣለሁ» ይልና ኪሱ ይከታታል፤ በሚቀጥለው ጉባኤም መጀመሪያ የሚያወጣው እሷኑ ነው።