ለፍግ የሚገባ ክብር

ከሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አልፎ ወደ ገጠሩ የሚዘልቅ ሰው የሲዳማን የእንሰት ጓሮዎች ያገኛል። እናቶች በየማለዳው ከከብቶቹ ማደሪያ የጠረጉትን እበት እንሰቱ ሥር ይከምራሉ። ከቤት አጠገብ ያለው አፈር ከራቀው ማሳ ይልቅ የጠቆረውና የለሰለሰው በዚህ ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ እውቀት ነው።

የፍግ ዋጋ የሚታወቀው በተጎዳው መሬት ላይ ነው። የአካባቢው አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣና ልል በመሆኑ ጎርፍ በቀላሉ ይቦረቡረዋል፤ የጨለለቃ ሐይቅም በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። ቦረቦሩን በክትር መግታት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። የላይኛው አፈር ተጠርጎ በሄደበት ቦታ ችግኝ ይቀጭጫል፤ ዩሪያ ቢነሰነስም የሚይዘው ብስባሽ ስለሌለ ውኃ ይወስደዋል። ፍግና ኮምፖስት ግን እርጥበት ያቆያሉ፣ የአፈሩን ነፍሳት ይመግባሉ።

በትግራይ እ.ኤ.አ. በ1996 እነ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ያስጀመሩት የኮምፖስት ሥራ ይህንን በማሳ ላይ አሳይቷል፤ ምርቱ ምንም ካልተጨመረበት ማሳ እጥፍ ገደማ ሆኖ ተመዝግቧል።

ወደ ሲዳማ ስንመለስ፣ በዳነው ቦረቦር ዳር ደሾ ሣር ይተከላል። ሣሩ ታጭዶ ለከብት ይቀርባል፤ ከብቱም እበቱን ለመሬቱ ይመልሳል።