ጥርስ ባዳ ነው፦ ፓራሞርና የሚያስጨፍር ሐዘን

አንድ የሮክ ባንድ የጊታሩን ጩኸት ቀንሶ ሲንተሳይዘር ሲያበዛ የሚጠብቀው ፍርድ የታወቀ ነው፤ «ለብር ብለው ለሰለሱ» ይባላል። ፓራሞር በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው «አፍተር ላፍተር» ደግሞ ለዚህ ክስ ራሱን አመቻችቶ የቀረበ ይመስላል። በ2007ቱ «ራየት!» ላይ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ የጮኹት ልጆች፣ እዚህ የ1980ዎቹን የዳንስ ፖፕ የሚያስታውስ፣ ጠርዙ ሁሉ የተሞረደ ሙዚቃ ይዘው መጡ። እኔ ግን ከአልበሞቻቸው ሁሉ የከበደው ይሄኛው ነው ባይ ነኝ።

እስቲ ሲሠራ የነበሩበትን ሁኔታ እንይ። ቤዝ ተጫዋቹ ጄረሚ ዴቪስ በ2015 መጨረሻ ከባንዱ ወጥቷል፤ ነገሩም እስከ ሕግ ክርክር ደርሷል። ድምፃዊቷ ሃይሊ ዊልያምስ በዚያ ወቅት ከድብርት ጋር ስትታገል እንደነበር በግልጽ ተናግራለች። አልበሙን ጊታሪስቱ ቴይለር ዮርክ ከጀስቲን ሜልዳል-ጆንሰን ጋር ሆኖ ናሽቪል ውስጥ ፕሮዲዩስ አደረገው። በ2010 ተለይቷቸው የነበረው ድራመር ዛክ ፋሮም ተመለሰ። የርዕሱ ሐሳብ ሰው ስቆ ሲጨርስ ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር ነው፤ ሳቁ አልቆ እውነታው ሲመለስ።

«ሃርድ ታይምስ» ሲከፈት ማሪምባ የሚመስል ድምፅ እየዘለለ ይመጣል። ሠርግ ቤት የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። ግጥሙ ግን የዛለ ሰው ሮሮ ነው። «ፌክ ሃፒ» ይብሳል፤ በአንድ ጊታርና በታፈነ ድምፅ ይጀምርና ድንገት ይደምቃል። ዘፈኑ የሚያወራው ደስተኛ መምሰልን ስለሆነ፣ ሙዚቃው ራሱ ዓይናችን እያየ ሜካፕ ይቀባል። እዚህ ላይ ድምቀቱን አውጥታችሁ ጩኸት ብታስገቡበት ዘፈኑ ይሞታል፤ የሚጮህ ሰው መቼ ደብቆ ያውቃል? ለቅሶ ቤት ካርታ እየተጫወተ የሚስቅ ሰው ያየ «ጥርስ ባዳ ነው» ማለት ምን እንደሆነ ያውቃልና ለዚህ ዘፈን ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«ትዌንቲ ሲክስ» ላይ ግን ጭንብሉ ይወልቃል። ከበሮ የለም፤ ጊታርና የቫዮሊን ቤተሰብ ብቻ። በ2009ኙ «ብሪክ ባይ ቦሪንግ ብሪክ» ህልመኛዋን ትገሥጽ የነበረችው ሃይሊ፣ እዚህ የራሷን የድሮ ምክር እያነሳች ትሽረዋለች፤ ተስፋን የሙጥኝ በሉ ትላለች። በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሀል ስለምትመጣ፣ ጸጥታዋ የበለጠ ይሰማል።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ከመሀል ያሉት አንዳንዶቹ ዘፈኖች አንዱን ከሌላው መለየት እስኪያቅት ድረስ አንድ ዓይነት አንጸባራቂ ቀለም ተቀብተዋል። «ፑል»ን ለምሳሌ ዜማው ቶሎ ይለቅቀኛል። «ኖ ፍሬንድ» ላይ ደግሞ የሚውዝአውትዩ ድምፃዊ አሮን ዋይስ ንግግር በጊታር ሥር ተቀብሮ፣ ጆሮ አቁሞ ካልሰሙት አይያዝም። ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን አትዝለሉት እላለሁ፤ «አይድል ዎርሺፕ» ላይ ሃይሊ «ጣዖት አታድርጉኝ» ብላ ከለመነች በኋላ የሚመጣ ስለሆነ፣ አልበሙ ማማሩን ለአፍታ እንቢ የሚልበት ቦታ ነው።

ከዚያ «ቴል ሚ ሃው» በፒያኖ ቀስ ብሎ ይዘጋዋል። ምንም አይፈታም፤ ጥያቄው እንደተንጠለጠለ ይቀራል። እና «ለሰለሱ» የሚለው ክስ? አዎ፣ ድምፁ ለስልሷል። ሐዘኑ ግን አንድ ግራም አልቀነሰም፤ እንዲያውም አብረነው እንድንጨፍር ስላደረገን ሳናስበው ተሸክመነው እንወጣለን።