ስለ ጃንደረባው ንባብና ስለ ምሥራቅ ሰዎች ዝምታ

በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የተጻፈው የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ጥምቀቱ ነው። የንግሥት ህንደኬ ባለሟል፥ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ሰው፥ ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ በጋዛ መንገድ ውኃ አግኝቶ ተጠመቀ፤ እኛም በዚህ እንመካለን፥ መመካታችንም የተገባ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምመለከተው ከውኃው በፊት የሆነውን ነው፤ ይኸውም በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ብቻውን ሲያነብ ሳለ ፊልጶስ ሮጦ ደርሶ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ የጠየቀው ጥያቄ፥ እርሱም መሪ ለሌለው ሰው ማስተዋል እንደማይሆንለት የመለሰው መልስ ነው።

ጃንደረባው ማንበብ አያውቅም ነበርን ቢሉ፥ ያውቃል፤ ባያውቅማ ኖሮ ፊልጶስ ድምፁን ባልሰማ ነበር። ንባብ ሌላ፥ ትርጓሜ ሌላ ስለ ሆነ ነው። አንድም ቃሉን ያውቃል፤ ቃሉ ስለ ማን እንደ ተነገረ አያውቅም። አንድም ትሕትናውን ያስረዳል፤ ባለሥልጣን ሲሆን በእግሩ የሚሄደውን መንገደኛ ወደ ሠረገላው አውጥቶ ከአጠገቡ አስቀምጦታልና። በዚህ በመጨረሻው ላይ ብዙ ጊዜ እንዘገያለን፤ ለምእመናን ትሕትናን ለማስተማር ይመቸናልና። የፊልጶስን ሩጫ ግን በስብከታችን እናልፈዋለን። ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በጃናሞራ ተወልዶ በደባርቅ የሚኖር አንድ ወጣት የንስሐ ልጄ ነው። ሥራው የሰሜንን ተራራ ለማየት የሚመጡትን እንግዶች መምራት ነው፤ ከሳንቃ በር እስከ ግጭ፥ ከግጭም እስከ ቧሂት ያለውን መንገድ በሌሊት እንኳ አይስተውም። አንዲት እንግዳ ወደ አገርዋ ስትመለስ በእንግሊዝኛ የተጻፈች ትንሽ መጽሐፍ ትታለት ሄደች። እኩሌታዋ ላኦ ጹ ስለሚባለው ስለ ጥንት የቻይና ሊቅ ትምህርት፥ እኩሌታዋም በጃፓን ዜን ስለሚባለው የመቀመጥና የዝምታ ሥርዓት ትናገራለች። ከዚህ በታች የምጽፈው በንስሐ የሰማሁትን አይዶለም፤ በደጀ ሰላም በሰው ፊት የነገረኝን ነው፥ እንድጽፈውም ፈቅዶልኛል።

መጽሐፊቱ በሣጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ ተቀመጠች። ከዚያም በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዳባት ወረዳ ደረሰ፤ በነሐሴም መጨረሻ በጭና ተክለ ሃይማኖት መሣሪያ ያልያዘ ሕዝብ አለቀ። ይህ ልጅ ከቀባሪዎቹ አንዱ ነበረ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ራቀው፤ እንግዳም ስለ ጠፋ ሥራ ፈታ። ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣ፥ እኛም ጸበል ተጠመቅ፥ ጹም፥ ስገድ አልነው፤ ሁሉንም አደረገ። ነገር ግን ምን እንዳየ የጠየቀው ከካህናቱ መካከል አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ስለዚህ መጽሐፊቱን ከሣጥን አወጣ። ጎሕ ሳይቀድ ከገደሉ አፋፍ ላይ እግሩን አጣጥፎ፥ ወገቡን አቅንቶ ይቀመጣል፤ እስትንፋሱን ከአንድ እስከ ዐሥር ይቈጥራል፤ ልቡ ሲሸሽ ደግሞ ከአንድ ይጀምራል። እንዲህ እያደረገ ወደ ሁለት ዓመት የሚሆን ጊዜ ያለ አንድ መምህር ኖረ። እንቅልፉም ተመለሰለት፤ ይህን መካድ ውሸት ይሆንብኛል። ነገር ግን ከእንቅልፉ ጋራ ሌላ ነገር መጣ። እናቱ ስታለቅስ ያያታል፥ ልቡ ግን አይነካም። ጎረቤቱ ልጅ ሲወልድ ይሰማል፥ ደስ አይለውም። መጽሐፊቱ ስለ ባዶነት የምትናገረው ይህ መሰለውና ከማዕርግ የደረሰ ሆኖ ታየው። አንድ ቀን ግን በደጀ ሰላም ተቀምጠን ሳለ «አባ፥ ይህ የያዘኝ ነገር ሰላም ነው ወይስ ሞት?» አለኝ።

እኔም እንደ ልማዴ ተቈጣሁ። የአባቶችህን መንገድ ትተህ የአሕዛብን ልምድ ስለ ያዝህ የመጣብህ ነው አልሁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ከቈየ በኋላ «አባ፥ መጽሐፉን አንብበውታል ወይ?» አለኝ። ፊልጶስ ጃንደረባውን የጠየቀውን ልጁ እኔን ጠየቀኝ። አላነበብሁትም ነበርና መልስ አጣሁ። ሦስት ማታ ከቤቴ መጥቶ እሳት ዳር ተቀምጦ እየተረጐመ አነበበልኝ። እንግዲህ ያገኘሁበትን ልናገር።

በላኦ ጹ ስም የሚጠራው መጽሐፍ 81 አጫጭር ክፍሎች ያሉት፥ በቻይና ፊደል አምስት ሺህ ያህል ቃል ብቻ የሆነ ትንሽ መጽሐፍ ነው። መንገድ የሚሉት ነገር ታኦ ይባላል። ሰው በኀይሉ ሁሉን ለማድረግ ሲጣጣር ነገሩን ያበላሻልና አይጋፋ፥ ዝቅ ይበል ይላል፤ ምሳሌውንም አብዝቶ ከውኃ ያመጣል። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ውኃ ከፍ ካለው ተራራ ወርዶ ሁሉ የሚንቀውን ዝቅተኛ ቦታ እንደሚሻ የሰሜን ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃል። ስለ ትሕትና የተናገረውን ነገር ከአሕዛብ ሊቅ ነውና አልቀበልም የሚል ካህን ቢኖር፥ ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ከግሪኮች ባለቅኔዎች እየጠቀሰ እንዳስተማረ ያስታውስ።

ጉድለቱ ግን ይህ ነው። ታኦ መንገድ ነው እንጂ አካል የለውም፤ ማንንም አይወድም፥ ማንንም በስሙ አይጠራም። ለውኃ ራስን መስጠት ይቻላል፤ ውኃ ግን የሰጠኸውን አያውቅልህም። የሞተ ለቀበረ ሰው ይህ ጉድለት ትንሽ ጉድለት አይዶለም።

ስለ ዜን የተጻፈውን እኩሌታ ስሰማ ደግሞ የተቈጣሁት መጽሐፊቱ በተናገረችው ሳይሆን በተወችው ነው። መቀመጥን፥ እስትንፋስ መቍጠርን፥ ዓይንን ገርበብ ማድረግን ሁሉ እንደ ወጥ አሠራር ታስተምራለች፤ መምህር እንደሚያስፈልግ ግን በአንድ ስፍራ እንደ ዋዛ ጠቅሳ ታልፋለች። የዜን ሰዎች ግን ራሳቸው እንዲህ አያስተምሩም። ትምህርታቸው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እንጂ ከመጽሐፍ እንደማይወረስ አጥብቀው ይናገራሉ። ዶገን የሚባለው የጃፓን መነኵሴ በ1200 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተወለደ። በአገሩ ያገኘው ትምህርት ባላጠገበው ጊዜ ቤቱን ዘግቶ ብቻውን አልተቀመጠም፤ በ1223 ባሕር ተሻግሮ ወደ ቻይና ሄደ፥ መምህርም ፈልጎ ሩጂንግ የሚባለውን አግኝቶ ከእግሩ ሥር ተማረ፥ በ1227 ተመለሰ። በ1237 ስለ ገዳም ወጥ ቤት ኀላፊ መጽሐፍ ጻፈ፤ በቻይና ያገኛቸው ሽማግሌ መነኰሳት ሩዝ ማብሰልና እንጕዳይ ማድረቅ ከመቀመጥ የማያንስ ሥራ መሆኑን አስተምረውት ነበርና። ይህን ስሰማ የዋልድባ መነኰሳት ትዝ አሉኝ። ሌላው ሐኩይን የሚባለው (1686–1769) በወጣትነቱ ከልክ በላይ ቢጋደል አካሉም ልቡም ታመመ፤ በተራራ የሚኖር አንድ ባሕታዊ ፈልጎ መድኀኒቱን ከእርሱ እንደ ተማረ ራሱ ጽፎአል። ይህን በሽታ የዜን ሰዎች በስም ያውቁታል። ልጁ ግን አላወቀውም፤ ማን ነግሮት ይወቅ?

እንግዲህ በራሱ ተምሬአለሁ የሚል ሰው የአባቶቹን ሥርዓት ብቻ ሳይሆን የያዘውንም የሩቅ አገር ሥርዓት አላገኘም። ወንበሩን ወስዶአል፥ ታዛዥነቱን ትቶአል። በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። ከተራራችን በታች ያለው፥ እህል የማይበላበት፥ ቋርፍ የሚበላበት ዋልድባ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ብቻውን በዱር የሚኖረውን ባሕታዊ ነው። ዳሩ ግን በአንበሳ ላይ ተቀምጦ የሚሣለው አባ ሳሙኤል ዘዋልድባ እንኳ ወደ በረሓ ከመውረዱ በፊት በደብረ በንኰል የአባ መድኀኒነ እግዚእ ደቀ መዝሙር ነበረ። ውኃ ያልቀዳ፥ እንጨት ያልለቀመ፥ አባቱን ያልታዘዘ ሰው ወደ ዝምታ አይገባም።

ልጁንም እጅግ ያስደነቀው አንድ ነገር ነገርሁት፤ ይኸውም የምሥራቁ ሰው ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ዛሬ በእንግዳ ሻንጣ አለመሆኑን ነው። ዜን ሥሩ የቡድሃ ትምህርት ነው፤ ስሙም በህንድ ቋንቋ ድያና ከሚባለው፥ ተመስጦ ማለት ከሆነው ቃል በቻይና በኩል ዞሮ የመጣ ነው። የቡድሃም ታሪክ በግእዝ አለን። ከየመን መጥቶ ክርስቲያን የሆነው፥ የደብረ ሊባኖስ 11ኛው እጨጌ አባ ዕንባቆም በ1553 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን መጽሐፈ በረላም ወይዋስፍን ከዐረብኛ ተረጐመ። በዚያ መጽሐፍ አንድ የህንድ ንጉሥ ልጁ በሽታን፥ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በአዳራሽ ይዘጋበታል፤ ልጁም ወጥቶ ያያቸውና ልቡ ይታወካል። ይህ የቡድሃ የወጣትነቱ ታሪክ መሆኑን ሊቃውንት ካስተዋሉት ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆነ። ይዋስፍ የሚለውም ስም ቦዲሳትቫ ከሚለው የቡድሃ ማዕርግ የመጣ ነው፤ በዐረብኛ «በ» እና «የ» በቃል መጀመሪያ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ነውና፥ ቡዳሳፍ የነበረው በጸሐፊ ስሕተት ዩዳሳፍ ሆነ። አንድ ነጥብ ስንት አገር እንደ ተሻገረች ተመልከቱ።

በዚያ መጽሐፍ ግን ልብ የምንለው ሌላ ነው። የንጉሡ ልጅ ሞትን ካየ በኋላ ብቻውን ተቀምጦ ራሱን አላዳነም። በረላም የሚባል ሽማግሌ መነኵሴ በበረሓ ሳለ የልጁን ጭንቀት ዐውቆ፥ ልብሱን ለውጦ ነጋዴ መስሎ፥ የከበረ ዕንቍ ይዣለሁ ብሎ ዘበኞቹን አልፎ ገባ። መምህሩ መጣለት ማለት ነው። ዐዋቂዎች በዚህ ታሪክ ከጥንቱ የቡድሃ ታሪክ የተለወጠውን ሲቈጥሩ ብዙ ያገኛሉ፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ የሽማግሌው መምጣት ነው። በጥንቱ ታሪክ ቡድሃ ብርሃኑን ያገኘው ከዛፍ ሥር ብቻውን ነውና።

ስለዚህ ወደ ፊልጶስ ሩጫ እመለሳለሁ። ፊልጶስ ሠረገላውን ተከትሎ ሮጠ እንጂ ጃንደረባው እስኪመጣለት አልጠበቀም። በረላም ከበረሓ ወጣ። እኛስ? ከአራቱ የትርጓሜ ጉባኤያት አንዱ መጽሐፈ መነኮሳት ነው፤ ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ዝምታንና የልብን መሸሽ፥ የሐሳብን ጦርነትና የመንፈስን ድርቀት አንድ በአንድ ዘርዝረው ጽፈዋል። ልጁ በእንግሊዝኛ የፈለገው ሁሉ፥ ከዚያም የሚበልጥ፥ በጎንደር ጉባኤ ሲተረጐም ኖሮአል፤ ከአማርኛ ትርጓሜው ጋራም ታትሞአል። ነገር ግን የመነኰሳት ነው፥ ለሕዝባዊ አይነበብም እያልን ዘጋነው። ምክንያት የለውም አልልም፤ ወተት የሚጠጣ ሕፃን ሥጋ ቢያበሉት ይታመማል። ሆኖም ሕፃኑ ተርቦ ከመንገደኛ እጅ ከተቀበለ፥ የሰጠውን መንገደኛ ብቻ መውቀስ ለእኛ አይገባም። እኔ ራሴ ማር ይስሐቅን ከመምህሬ እግር ሥር በተማርሁ ጊዜ፥ አንድ ቀን ከደባርቅ የመጣ አስጐብኚ ይፈልገዋል ብሎ የነገረኝ ቢኖር በሣቅሁበት ነበር።

ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዓመት በነነዌ ኤጲስ ቆጶስነት ተሹሞ፥ በአምስት ወር ትቶት ወደ በረሓ የገባ አባት ነው። ስለ ልጁ ጥያቄ የሚናገረው ግልጽ ነው። የልቡ ቍስል ሳይድን ወደ ከፍተኛው ዝምታ የሚወጣ ሰው ጉዳት ያገኘዋል፤ የእውነተኛው ዝምታ ምልክት ደግሞ የልብ መቀዝቀዝ ሳይሆን ለሰው፥ ለወፍ፥ ለእንስሳ፥ ለፍጥረት ሁሉ የሚቃጠል ርኅራኄ ነው። ይህን ክፍል በአራተኛው ማታ እኔ ለልጁ አነበብሁለት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፥ «እንግዲያ እኔ አልደረስሁም፤ ቍስሌን ነው የሸፈንሁት» አለ። ይህን እኔ አልነገርሁትም።

ከዚያ ወዲያ መቀመጡን ልተው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተው ለማለት ቸኵዬ ነበር፥ ነገር ግን እንቅልፉን የመለሰለትን ነገር በምን እንደምተካው ሳላውቅ ልነጥቀው ፈራሁ። ተቀመጥ፤ ግን ብቻህን አይሁን፥ ከቅዳሴ በፊት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከእኔ ጋራ ተቀመጥ፤ ከአንድ እስከ ዐሥርም እስትንፋስህን በመቍጠር ፈንታ የቀበርሃቸውን ሰዎች በስመ ክርስትናቸው አንድ በአንድ ጥራልኝ፥ እኔም ከአንተ ጋራ እጸልይላቸዋለሁ አልሁት። ከባልንጀሮቼ ካህናት አንዳንዶቹ ይህን አልወደዱትም፤ ከአሕዛብ ልምድ ጋራ መደራደር ነው ይላሉ። ምናልባት እውነት አላቸው፤ የሚሻል መንገድ ያለው ቢያስተምረኝ እቀበላለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ከሦስተኛው ስም ማለፍ አልቻለም፤ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ አለቀሰ፥ ከሁለት ዓመት ወዲህ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው። የማያውቃቸውን ስሞች ከየቤተ ሰቡ እየጠየቀ ያመጣል። አሁን ዘጠነኛው ላይ ደርሰናል፤ የቀሩት ብዙ ናቸው።