ሽታው ሱቁን ሲጠራ

የድሬዳዋውን ታይዋን ገበያ ለለመደ ሰው የሚጠበስ ሳምቡሳ ሽታ ብቻ ይበቃዋል። የተደረደሩት ሸሚዞች፣ የባጃጁ ጡሩንባ፣ የሻጩ ጥሪ ሳይፈለጉ ተከታትለው ይመጣሉ። ይህን የአንጎል ሥራ በሒሳብ ካስመሰሉት ሁሉ እኔ የምደነቀው የፊዚክስ ሊቁ ጆን ሆፕፊልድ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው የአምስት ገጽ ጽሑፍ ነው። በ2024 ከጄፍሪ ሂንተን ጋር ኖቤል ያሸለመውም ይኸው ሥራ ነው።

በሆፕፊልድ መረብ ውስጥ እያንዳንዱ የነርቭ ሴል ወይ ይበራል፣ ወይ ይጠፋል። በአንድ ትዝታ ውስጥ ሁለት ሴሎች አብረው ከበሩ ወይም አብረው ከጠፉ ትስስራቸው ላይ አንድ ይደመራል፤ ከተለያዩ አንድ ይቀነሳል። አብሮ መሥራት ያስተሳስራል የሚለውን ሐሳብ ዶናልድ ሄብ በ1949 ጽፎት ነበር። አዲስ ትዝታ ሲመጣም እዚያው ላይ ይደመራል። ስለዚህ ሽታው፣ ቀለሙ፣ ድምፁ ለየብቻ የተቀመጡበት ስፍራ የለም፤ ሁሉም በአንድ መረብ ላይ ተደራርበው ይኖራሉ።

ከዚያ ለመረቡ ጎደሎ ምስል ይሰጠዋል። አንድ ሴል በዘፈቀደ ይመረጥና ከሌሎቹ የሚደርሰውን ደምሮ ልብራ ወይስ ልጥፋ ይላል። ቀጥሎ ሌላው። ሁሉንም በአንድ ምት የሚያስኬድ አዛዥ የለም።

የሆፕፊልድ ጥበብ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፦ ከ«ሀ» ወደ «ለ» የሚሄደውን ትስስር ከ«ለ» ወደ «ሀ» ከሚመለሰው ጋር እኩል አደረገው። የሥነ ሕይወት ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ አንጎል እንዲያ አልተሠራም። ግን በዚህች አንዲት ውሸት የተነሣ ለመላው መረብ «ጉልበት» የሚባል ቁጥር ማስላት ተቻለ፤ ቁጥሩ በየውሳኔው ይቀንሳል ወይም ባለበት ይቆያል እንጂ ከቶ አይጨምርም። ዝናብ ከየኮረብታው ወደ ድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ እንደሚወርድ፣ ጎደሎውም ምስል ቁልቁል ወርዶ ቅርቡ ያለው ትዝታ ላይ ያርፋል።

አቅሙ ትንሽ ነው፤ ሆፕፊልድም አልደበቀውም። 100 ሴል 15 ያህል ትዝታ ቢይዝ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ስሕተቱ ይበዛል። ማንም ያላስተማረው ቅይጥ ትዝታም ይበቅላል፦ የአንዱ ሱቅ ሸሚዝ ከሌላው ሻጭ ድምፅ ጋር። በ1983 ከባልደረቦቹ ጋር ለዚህ መላ አመጣ፤ መረቡን ካልታሰበ ቦታ አስነሥቶ፣ ያረፈበትን በጥቂቱ ማስረሳት። በዚያው ዓመት ሳይንቲስቶቹ ፍራንሲስ ክሪክና ግሬም ሚቺሰን ሕልም የምናየው ለዚሁ ጽዳት ይሆናል ብለው ጻፉ፤ እስካሁን ያረጋገጠላቸው የለም። የመረቡ ማስረሳት ግን ይሠራል፣ መጠኑ እስካልበዛ ድረስ፤ ከበዛ እውነተኛውንም ትዝታ ይዞ ይሄዳል።