«የኃይል አቅርቦት» ዕቃ ነውን? ስለ ኮምፒዩተር ክፍሎች ስያሜ የቀረበ ሂስ

የኮምፒዩተሩን ክፍሎች አንድ በአንድ መርጦ በቤቱ የሚገጣጥም ሰው የስያሜን ክብደት ከመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይልቅ ያውቀዋል፤ ያልተስማማ ስም ያልተስማማ ዕቃ ያስገዛዋልና። በመሆኑም ከእንግሊዝኛ የተመለሱትን የክፍሎች ስሞች በተርታ ከመመርመር ይልቅ በአንድ የግዢ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ መፈተኑ ይበጃል። ዝርዝሩን የሚጽፈው በመተከል ዞን፣ በድባጤ የሚኖር ሰው ነው እንበል፤ ዕቃውን የሚልክለት ነጋዴ ደግሞ አዲስ አበባ ነው። በድባጤ ጉሙዝኛ፣ ሽናሽኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ይነገራሉ። ለብዙዎቹ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ስለሆነ ስያሜው በተናጋሪው የልማድ ግምት ሊደገፍ አይችልም፤ ራሱን ችሎ መቆም አለበት።

ከሁሉ የከፋው «የኃይል አቅርቦት» የሚለው ነው። «አቅርቦት» የድርጊት ስም ነው፤ የውሃ አቅርቦት፣ የስኳር አቅርቦት እንላለን እንጂ አቅርቦትን በካርቶን አሽገን አንልክም። «የኃይል አቅርቦቱ ተበላሽቷል» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ቀና ብሎ የሚያየው የመንገዱን ምሰሶ ነው። በመተከል ደግሞ ግርታው ይብሳል፤ በዚያው ዞን በጉባ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋልና፣ የኃይል አቅርቦት ሲባል በሰሚው ልቡና የሚመጣው ግድቡና መስመሩ ነው። የተባለው ዕቃ ግን 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ ተቀብሎ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ለየክፍሉ የሚያድል ሣጥን ነው። «አቅራቢ» እንዳይባል ነጋዴ ይመስላል። ይህ ጸሐፊ የሚመርጠው «ኃይል መጋቢ» የሚለውን ነው። መጋቢ የቤተ ክህነት ማዕረግ ነው ተብሎ ይነቀፍ ይሆናል፤ ሆኖም «መጋቢ መንገድ» ከተለመደ ወዲህ ማንም አስፋልቱን ካህን ነው አላለም።

«ማኅደረ ትውስታ» በመልኩ ያማረ፣ በግብሩ ግን አሳሳች ነው። ማኅደር «ኀደረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ማደሪያ ማለት ነው፤ በአማርኛም የመጽሐፍን የቆዳ ማኖሪያ፣ በመሥሪያ ቤትም የሰነድን መያዣ ያመለክታል። ዕቃው ግን ምንም አያሳድርም፤ መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይጥላል። የሚያሳድረው ሀርድ ዲስኩ ወይም ኤስኤስዲው ነው። እንግዲህ «ባለ 16 ጊጋባይት ማኅደር» ብሎ የጻፈ ሰው የትኛው ቢላክለት ይከሳል? በገበያ የሚነገረው «ሚሞሪ»ም ከዚህ አይሻልም፤ የስልኩንም ካርድ ይጨምራልና። «ራም» ግን አንድን ዕቃ ብቻ ይጠራል። ምሕጻረ ቃል ነው፣ ፍቺው አይታይም የሚሉ አሉ። ለጉሙዝኛ ተናጋሪው የ«ማኅደር» ግዕዝም እንደዚሁ አይታየውም፤ ልዩነቱ «ራም» በማሸጊያው ላይ ከታተመው ስም ጋር በድምፅ መግጠሙ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የተባሉት ራሞች ስንጥቃቸው በተለያየ ቦታ ስለሆነ አንዱ ለሌላው በተሠራው ማዘርቦርድ ላይ አይገባም፤ ዝርዝሩን ከማሸጊያው ጋር የሚያስተያየው ገዢ የሚይዘው ይህንኑ መለያ ነው።

«ማቀዝቀዣ» በመሣሪያ ስም አወጣጥ ደንብ እንከን የለበትም፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ ስሙን ፍሪጅ ቀድሞ ወስዶታል። ስለዚህ «የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ» ተብሎ በዘርፍ መጻፍ ይገባዋል። «ሶኬት»ም እንደዚሁ ነው፤ በግድግዳው ላይ ያለው እንዳይመስል ምንጊዜም ከነመለያው፣ «ሶኬት ኤኤም5» ተብሎ ይጻፍ።

በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታላቅ ድካም የፈሰሰበት ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚዘጋጁ ዝርዝሮች ግን እያንዳንዱን ስያሜ በዐረፍተ ነገር፣ ይልቁንም በትእዛዝና በማስጠንቀቂያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እያሳዩ ቢቀርቡ መልካም ነው። «ኃይል መጋቢውን ሳትነቅል ራሙን አታውጣ» የሚለው ይነበባል። «የኃይል አቅርቦቱን ሳታቋርጥ ማኅደረ ትውስታውን አታውጣ» የሚለውን ያነበበ ግን ቆጣሪ ሊዘጋ ይሄዳል።