ከዓመቱ ሥዕል አንዱን ስለ መምረጥ

ዓመት በተፈጸመ ጊዜ ነጋዴ መዝገቡን ዘግቶ ትርፉንና ኪሳራውን ይመረምራል። ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወድ ሰውም እንዲሁ በዓመቱ ውስጥ ያነሣቸውን ሥዕሎች ሁሉ በፊቱ ይዘረጋል፤ ከመካከላቸውም አንዱን አውጥቶ «ከሁሉ የወደድሁት ይህ ነው» ብሎ ለወዳጆቹ ያሳያል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ጨዋታ ብቻ አይደለም። መምረጥ መፍረድ ነውና፣ ሰው በመረጠው ሥዕል ዓይኑ ምን እንዳየ ብቻ ሳይሆን ልቡ ምን እንደሚያከብር ይገልጻል። ስለዚህ የእነዚህን ሰዎች ምርጫ መርምሮ የሚመሰገነውን ማመስገን፣ የሚነቀፈውንም መንቀፍ ተገቢ ነው።

እነዚህ ሰዎች አማተር ይባላሉ። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ወዳጅ፣ አፍቃሪ ማለት ነው። እንግዲህ አማተር ማለት ሥራውን የማያውቅ ማለት አይደለም፤ ለእንጀራ ሳይሆን ስለ ፍቅር የሚሠራ ማለት ነው እንጂ። እንዲህ ያለው ሰው የበዛው ግን መሣሪያው ከቀለለ በኋላ ነው። ከ1851 ዓ.ም. ጀምሮ በተለመደው ብልሃት (እዚህ የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) የመስተዋቱ ሰሌዳ መድኃኒት ተቀብቶ፣ መድኃኒቱም ሳይደርቅ ሥዕሉ መነሣትና መታጠብ ነበረበት። ስለዚህ ወደ ገጠር የሚወጣ ፎቶግራፍ አንሺ ጨለማ ድንኳኑንና የመድኃኒት ጠርሙሱን ሁሉ አስጭኖ ይሄድ ነበር። በ1871 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ማዶክስ በጄላቲን የሚሠራውን ደረቅ ሰሌዳ ለሕዝብ አስታወቁ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ሰሌዳው በፋብሪካ ተሠርቶ በሱቅ የሚገኝ ሆነ። በ1884 ዓ.ም. በሎንዶን «አማተር ፎቶግራፈር» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ተመሠረተ። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን አንድ መቶ ሥዕል የሚያነሣውን ኮዳክ የተባለ ትንሽ ሣጥን በ25 ዶላር ለገበያ አወጡ። ከዚያ ወዲያ ፎቶግራፍ ማንሣት የጥቂቶች ሙያ መሆኑ ቀረ።

በ1887 ዓ.ም. ይህ የሎንዶን ጋዜጣ አማተሮች በዕረፍት ጊዜያቸው ካነሡት የተሻለውን እየመረጡ እንዲልኩ ውድድር አደረገ። ዳኛው ዶክተር ፒተር ሄንሪ ኤመርሰን ነበሩ። በዚያን ጊዜ በበርሊን ከተማ ይማር የነበረ አልፍሬድ ስቲግሊትዝ የሚባል የ23 ዓመት አሜሪካዊ ወጣት፣ በኢጣልያ አገር ሲዘዋወር ካነሣቸው ሥዕሎች መርጦ ላከ። ከእነዚያም አንዱ በኮሞ ሐይቅ ዳር ባለችው በቤላጆ መንደር የተነሣ ነበር፤ ልጆች የበዙበት የመንደር ሰው ተሰብስቦ በአንድ ቀልድ ሲስቅ ያሳያል። ዶክተር ኤመርሰን የመጀመሪያውን ሽልማት ለዚህ ፈረዱ። ምክንያታቸውም ከቀረበው ሁሉ ሳይታሰብና ሳይዘጋጅ የተገኘው እርሱ ብቻ ነው የሚል ነበር።

ይህ ፍርድ ምን ያህል ድፍረት እንዳለበት ለማስተዋል የዘመኑን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር የነበሩት ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን፣ ፎቶግራፍ ከሥዕል ጥበብ ጋር እንዲተካከል ሠዓሊ እንደሚያደርገው አስቦ ማዘጋጀትና መገጣጠም ይገባል ብለው ያስተምሩ ነበር። በ1858 ዓ.ም. ያወጡት ዝነኛ ሥራቸው በሞት አፋፍ ላይ ያለች ልጃገረድን ከሚያዝኑላት ቤተ ዘመዶችዋ ጋር ያሳያል፤ የተሠራውም አምስት ኔጋቲቮችን በመገጣጠም ነው። የእጁ ሥራ እጅግ የሚደነቅ ነው፤ መጋጠሚያው በቶሎ አይታይም። ነገር ግን ኀዘኑ የውሰት ኀዘን ነው። ልጅቱ አልታመመችም፤ የሚያለቅሱላትም ሰዎች እንዲያለቅሱ ታዘው የተቀመጡ ናቸው። ተመልካቹ በመጀመሪያ ያዝናል፤ ምሥጢሩን ባወቀ ጊዜ ግን ኀዘኑ ወደ አድናቆት፣ አድናቆቱም ወደ ቅዝቃዜ ይለወጣል። የቤላጆ ልጆች ሣቅ ከዚህ አጠገብ ቢያኖሩት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሣቁ የራሳቸው ነው። ዶክተር ኤመርሰን ትንሹን እውነት ከትልቁ ዝግጅት ማስበለጣቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

ነገር ግን ምስጋናው ነቀፋውን ሊሸሽገው አይገባም። በዚያ ሥዕል ተመልካቹ ሣቁን ያያል እንጂ ቀልዱን አይሰማም። ሥዕሉ የተነሣው በመንደሩ ባደረ ሰው ዓይን ሳይሆን በመንገደኛ ዓይን ነው፤ መንገደኛም ደስ ያለውን አይቶ ያልፋል እንጂ የቤቱን ችግር አይጠይቅም። ዳኛውም ቢሆኑ ከአድልዎ የነጹ አልነበሩም። ያን ጊዜ የሚሰብኩት ትምህርት ፎቶግራፍ ተፈጥሮን ዓይን እንደሚያያት አድርጎ ያቅርብ የሚል ነበርና፣ ከትምህርታቸው ጋር የተስማማውን ሥዕል መረጡ። ይህንኑ ትምህርት በ1889 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተሙት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ሐሳባቸው ተለወጠና፣ በ1891 ዓ.ም. መጀመሪያ ዳር ዳሩ እንደ መርዶ ወረቀት በጥቁር የተከበበ ትንሽ ጽሑፍ አውጥተው ያ ትምህርት ሞተ ብለው አወጁ፤ ፎቶግራፍም ጥበብ ነው ማለታቸውን ተዉ። ሰው ስሕተቴን አገኘሁት ብሎ በአደባባይ መመለሱ ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። ለመራጮች ሁሉ ግን ትምህርት ይሆናል፤ የዳኛ ትምህርት ሊሻር ይችላልና፣ ሽልማት ያገኘ ሥዕል በሽልማቱ ብቻ አይቆምም። የቤላጆው ሥዕል ዳኛው ትምህርታቸውን ከጣሉ በኋላም ሲታይ ኖረ፤ ያቆመው ሽልማቱ ሳይሆን ሣቁ ነው።

ስቲግሊትዝ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ያነሣው ሥዕል ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ምርመራ ይገባዋል። በ1893 ዓ.ም. የካቲት 22 ቀን በኒውዮርክ ከተማ ብርቱ የበረዶ ዐውሎ ነፋስ ሆነ። እርሱም በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይዞ በአምስተኛው ጎዳና ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ቆመ። በመጨረሻ ፈረሶች የሚስቡት ሠረገላ በረዶው ላይ የተሰመረውን የመንኰራኵር ፈለግ ተከትሎ፣ በጉም ውስጥ ከሚታዩት ሕንፃዎች መካከል ወደ እርሱ ሲመጣ አነሣው። እርሱ ራሱ በኋላ እንደ ጻፈው፣ ያ ሁሉ መቆም ደህና ውጤት እንደሚያመጣ ዋስትና አልነበረውም፤ ለብዙ ሰዓት ቆሞ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችል ነበር።

በዚያ ዘመን በእጅ የሚያዘውን ትንሽ መሣሪያ የሚንቁ ብዙ ነበሩ፤ የችኩሎችና የሰነፎች መጫወቻ ነው ይሉት ነበርና። የዚህ ሥዕል ዋና ክብር ይህን ንቀት በክርክር ሳይሆን በሥራ ማስተባበሉ ነው። ፍጥነት በመሣሪያው ውስጥ ቢኖርም ትዕግሥት በሰውየው ውስጥ ሊኖር እንደሚችል አሳየ። ሌላም ነገር አለ። ስቲግሊትዝ ሥዕሉን ባተመ ጊዜ ከሰሌዳው ዳር ዳር ብዙውን ቈርጦ አውጥቶ፣ ሠረገላው ያለበትን ክፍል ብቻ አስቀረ። እንግዲህ ሁለት ጊዜ መረጠ ማለት ነው፤ በመጀመሪያ በመንገድ ላይ ጊዜውን መረጠ፣ ኋላም በቤቱ ውስጥ ስፍራውን መረጠ። ሰፊውን ጎዳና በመተው የሠረገላውን ነጂ ትግል አጐላው። ሮቢንሰን የሌለውን ጨመሩ፤ ስቲግሊትዝ ያለውን ቀነሰ። ሁለቱም ተፈጥሮን እንዳለች አልተዉአትም፤ ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም፤ የሚቀንስ ሰው ያየውን ያጠራል፤ የሚጨምር ሰው ግን ያላየውን ይመሰክራልና።

በዚህ ሥዕል ላይ አንድ ነቀፋ ቢነሣ የሚነሣው ከነጂው ወገን ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ሦስት ሰዓት በብርድ የቆመው በፈቃዱ ነው፤ ነጂው ግን የቆመው ለእንጀራው ነው። አንዱ ዝና አገኘ፤ የሌላው ስም በሥዕሉ ላይ አልተጻፈም። ይሁንና ሥዕሉ ነጂውን አላዋረደውም። ለሳቅም ለማዘኛም አላቀረበውም፤ ከፈረሶቹ ጋር ከዐውሎ ነፋሱ የሚታገል ብርቱ ሰው አድርጎ አሳየው እንጂ። ድኻን ለማንሣት ለሚወዱ አማተሮች ሁሉ መለኪያ የሚሆነው ይህ ነው፤ የተነሣው ሰው ሥዕሉን ቢያይ ያፍር ነበር ወይስ ይህ እኔ ነኝ ይል ነበር?

እስካሁን የተባለው ስለ ሽልማትና ስለ ዝና ነው። ያለ ዳኛ ለራሳቸው ብቻ የመረጡ ሰዎችም አሉ፤ የእነርሱ ታሪክ ደግሞ የምርጫን ክብደት አብልጦ ያሳያል። ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1863 ዓ.ም. መጨረሻ በ48 ዓመታቸው ከሴት ልጃቸውና ከአማቻቸው የፎቶግራፍ መሣሪያ ስጦታ ተቀበሉ። በተከታዩ ዓመት በጥር ወር አኒ የምትባል ትንሽ ልጅ አነሡና የመጀመሪያው የተሳካልኝ ሥራ ይህ ነው አሉ። የሙያው ሰዎች ሥዕላቸው ጥርት ብሎ አይታይም እያሉ ነቀፉአቸው። እርሳቸው ግን የነቃፊዎቹን ልክ ለመሙላት ብለው የወደዱትን አልተዉም፤ ዛሬ ስማቸው ከዘመኑ ታላላቅ ፎቶግራፍ አንሺዎች ጋር ይጠራል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የራስን ፍቅር ማመን ነው።

ነገር ግን የራስ ፍቅርም ይሳሳታል። ፈረንሳዊው ዣክ አንሪ ላርቲግ በ1894 ዓ.ም. ተወልዶ፣ ገና በስምንት ዓመቱ ገደማ አባቱ መሣሪያ ገዛለት። ከዚያ ጀምሮ እስከ እርጅናው ድረስ የየዓመቱን ሥዕል እየመረጠ በአልበም ይለጥፍ ነበር፤ አልበሙም ከመቶ በላይ ሆነ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ በአውቶሞቢል እሽቅድምድም ላይ አንድ ሥዕል አነሣ። መሣሪያውን ከሚሮጠው አውቶሞቢል ጋር ቢያዞርም አልደረሰበትም፤ የመሣሪያውም መዝጊያ ሥዕሉን በአንድ ቅጽበት ሳይሆን በጠባብ ስንጥቅ ተራ በተራ የሚቀበል ስለ ነበር፣ መንኰራኵሩ ወደ ፊት፣ የቆሙት ተመልካቾች ደግሞ ወደ ኋላ ያዘነበሉ መስለው ታዩ። ላርቲግ ይህን እንደ ተበላሸ ቈጥሮ ለብዙ ዓመታት ተወው። ዓለም ግን ፍጥነትን ከሚያሳዩ ሥዕሎች ሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው። በ1963 ዓ.ም. በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥዕሎቹ ለሕዝብ በታዩ ጊዜ ላርቲግ ዕድሜው 69 ዓመት ነበር። ስለዚህ መራጭ የጣለውን ደግሞ አንሥቶ ማየት አለበት፤ የዘንድሮ ጕድለት የከርሞ ምስክር ሊሆን ይችላልና።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ፈጽሞ አለመምረጥ ነው። በቺካጎ ከተማ በሞግዚትነት የኖሩት ወይዘሪት ቪቪያን ማየር ከአንድ መቶ ሺህ በላይ ሥዕሎች አነሡ፤ ብዙውን ፊልም አላሳጠቡትም፤ ለሰውም አላሳዩም። በ2007 ዓ.ም. ዕቃቸው በሐራጅ ተሸጠ፤ በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ በየአገሩ የሚታየውን የመረጡት እርሳቸው አይደሉም፤ ዕቃውን የገዙ ሌሎች ሰዎች ናቸው። ሥዕሎቹ እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን የማን ምርጫ እንደሚመሰገን ሲጠየቅ መልሱ ይቸግራል። ራሱ ያልመረጠ ሰው ፍርዱን ለማያውቀው ሰው ትቶ ይሄዳል።

በዛሬው ዘመን ስልክ በኪሱ የያዘ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖአል። ኢስትማን አንድ መቶ ብለው የቈጠሩት ሥዕል ለአንድ ሠርግ ቀርቶ ለአንድ ምሳ አይበቃም። ሥዕሉ በበዛ ቍጥር ግን የሚመረጠው አነሰ፤ ሁሉ ተቀምጦ ሁሉ ይረሳል። በኢትዮጵያ ከተሞች የቀደመው ልማድ በዚህ ነገር የሚመሰገን ነበር። ሥዕል ውድ ስለ ነበረ ቤተ ሰቡ ጥቂቱን መርጦ በመስተዋት ክፈፍ ውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰቅል ነበር፤ ለወዳጅ የሚሰጠውም በጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ስምና ቀን ይጻፍበታል። በኒውዮርኩ ሥዕል ላይ ለነጂው ያልተደረገለትን፣ ይህ አነስተኛ ልማድ ለሁሉ ያደርግ ነበር። የሥዕሉ ጥበብ ምናልባት ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል፤ የተነሣው ሰው ግን ስሙን አላጣም።

እንግዲህ የዓመቱን አንድ ሥዕል የሚመርጥ ሁሉ በሦስት ነገር ይመዝነው። የታየው ነገር እውነት ነበርን? ለማየት ትዕግሥት ተከፍሎበታልን? የተነሣው ሰው ክብሩ ተጠብቆለታልን? በሦስቱ የጸና ሥዕል ሽልማት ቢያገኝም ባያገኝም ከዓመቱ ጋር አያልፍም። መራጩም ሥዕሉን ለወዳጆቹ ከማሳየቱ በፊት ገልብጦ በጀርባው የሰውየውን ስምና ቀኑን ይጻፍበት፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሥዕሉን በእጁ የሚይዝ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ማን ነው?» ብሎ ነውና።